የመጨረሻዋን አሥራ ዘጠኝ አትግደፋት

ግለ ሂስ አላደረግሁም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ በደርግ ዘመን ደብረ ብርሃን አብሮኝ የሠራ ሰው ባገኘኝ ቁጥር «መቼም አንቺም አንድ ቀን ተነሥተሽ ‹ጓዶች፣ ተሳስቻለሁ› ሳትይ አልቀረሽም» እያለ ስለሚያሾፍብኝ ነው። አላልኩም። ያልተሳሳትኩትን ተሳስቻለሁ ብዬ ከምቆም የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ ያለ ነጠላ ብቆምበት እመርጥ ነበር።

ታይፒስት ነበርኩ። ብርድ ልብስ በሚያመርት የመንግሥት ፋብሪካ፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ወደ ቦይለሩ፣ ወደ እንፋሎት ምድጃው፣ በሚያይ ጥግ ተቀምጬ ደብዳቤ እመታ ነበር። ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት እንደገባ አንድ ኮምፒዩተር ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር ተጭኖ መጣ። አብሮት የመጣው ባለሙያ የሠራተኛውን የሥራ ሰዓት የሚደምር ፕሮግራም ጫነበት፤ እኔን ቁጥር ማስገባት አስተማረኝና ቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያስተምር ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ሄደ። ሲሰናበተኝ «እሱ እንኳ ለአንቺ አያስፈልግሽም» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ አያስፈልግሽም የተባልኩትን ነገር ካላየሁት ምግብ የማይዋጥልኝ ሰው ነኝ። ዳር እስከ ዳር አነበብኩት።

የማሽኑን ጠባይ አብሮት የኖረ ያውቀዋል። ጠዋት በብርዱ አልነሣም ይላል፤ ስለዚህ ማታ ማታ የራሳችንን ብርድ ልብስ አልብሰነው እንሄዳለን። መብራት ሲጠፋ የጻፍኩት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ፊደላችንን አያውቅም፤ የካቲትን በፈረንጅ ፊደል ስጽፈው የሰው አገር ወር ይመስለኝ ነበር። ንብረት ክፍል ደግሞ የመንግሥት ንብረት ሁሉ ቁጥር ይኑረው የሚል መመሪያ ደርሶት፣ የማሽኑ መረጃ የሚቀመጥባቸውን ስስ ፍሎፒ ዲስኮች አሰልፎ በስክርቢቶ እየተጫነ ቁጥር ጻፈባቸው። ከዚያ ወዲያ ግማሾቹ አልነበብም አሉ። ሄጄ ብጮህ የንብረት ክፍሉ ሰው ዲስኩን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና «ምነው፣ ቁልጭ ብሎ ይነበባል እኮ» አለኝ።

የምሳ ሰዓት ግን የእኔ ነበር። ሌላው ሰው ወደ ሠራተኞች ክበብ ሲሄድ እኔ ዳቦዬን በመሀረብ ጠቅልዬ ማሽኑ ዘንድ እቀር ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ምሳሌዎች ስለ ባንክ ወለድና ስለ ፈረንጅ ስልክ ማውጫ ነበሩ። ባንክ የማስቀምጠው የለኝ፣ ስልክ የምደውልለት የለኝ፤ ሰለቹኝ። የራሴን ነገር ልጽፍ ፈለግሁ። ውስጤ ድረስ የማውቀው ስሌት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የአባቴ ነው።

አባቴ አንኮበር፣ ከጎረቤላ ወረድ ብሎ ባለ ደብር መሪጌታ ነበር። ባሕረ ሐሳብ ያስተምራል፤ ጾምና በዓል በየዓመቱ በየትኛው ቀን እንደሚውሉ የሚታወቅበትን የቤተ ክርስቲያን ቁጥር። ሴት ልጅ አትቀመጥበትም በሚባለው ጉባኤ ተቀምጬ ተምሬዋለሁ። ተማሪዎቹ ሲያጉረመርሙ አባቴ «ቁጥር ሴት ወንድ አይልም፤ የከበደው ይውጣ» ይላቸው ነበር። ስሌቱ ሲጀመር እንዲህ ነው፦ ከዓለም መፈጠር ጀምሮ ያለውን ዓመት ትይዝና አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኙን ትገድፋለህ፤ ማለት እያነሣህ ትጥላለህ። ከሚቀረው ላይ ደግሞ አንድ ለዘመኑ ይነሣል። ነነዌም፣ ሁዳዴም፣ ፋሲካም የሚገኙት ከዚያ በተረፈው ቁጥር ነው። አባቴ ይህን ሁሉ በጣቱ አንጓ እየቆጠረ፣ በአፉ ደግሞ ስለ ገብሱ ውርጭ ከጎረቤት ጋር እያወራ ይጨርሰዋል።

ቤዚኩን ሳነብ «አካፍልና ቀሪውን ያዝ» የሚል ትእዛዝ አገኘሁ። ብቻዬን ሳቅሁ። ፈረንጆቹ የአባቴን ሥራ በሌላ ስም ይዘውታል።

የአባቴን ስሌት መስመር በመስመር ጻፍኩት። ሳበቃ ያለፉትን ዓመታት እያስገባሁ ሞከርኩት፤ ፋሲካውን ሁሉ በትክክለኛ ቀኑ አገኘው። ስልሳ ሰባትን ሳስገባ ግን ማሽኑ «ፋሲካ፣ ሚያዝያ ተቀናሽ ሁለት» አለኝ። ከዜሮ በታች የሆነ ሚያዝያ! በስልሳ ሰባት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ ሃያ ስድስት ነው፤ ወንድሜ ዘመቻ ሄዶ በዓሉን ያለ እሱ የዋልንበት ዓመት ስለሆነ ቀኑን አልረሳውም። ስሕተቱን ፍለጋ ስንት ምሳ ሰዓት እንዳለቀ እግዜር ይወቀው። አንዱን መስመር ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል፤ ያ ሲስተካከል መብራት ይጠፋል። አንድ ቀን ተናድጄ መጽሐፉን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት፤ ከዚያ አቧራውን አራግፌ ቀጠልኩ።

ኋላ ገባኝ። የዚያ ዓመት ቁጥር በአሥራ ዘጠኝ ሲገደፍ ምንም አይቀርም። ማሽኑም ከምንም ላይ አንድ አንሣ ሲባል፣ ትእዛዝ አክባሪ ነውና፣ ከዜሮ በታች ወረደ። እዚህ ቦታ የማይሰናከል ተማሪ አባቴ ዘንድ አልነበረም። ሲሰናከሉለት ደስ ይለው ነበር መሰለኝ፤ መቋሚያውን መሬት ላይ ደቅ አድርጎ «ምንም ካልቀረህ የመጨረሻዋን አሥራ ዘጠኝ አትግደፋት! ያዛት! ከእሷ ላይ አንድ አንሣ!» ይላል። ስንት ጊዜ የሰማሁትን ነገር ረስቼው ኖሬያለሁ። አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ ቀሪው ዜሮ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ አድርገው። ሚያዝያ ሃያ ስድስት መጣ። እልል ብዬ ነበር፤ የቦይለር ሠራተኛው በመስኮት አንገታቸውን አስግገው «ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» እስኪሉኝ ድረስ።

እኒህ የቦይለር ሠራተኛ ከአልዩ አምባ የመጡ ሙስሊም አባት ናቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው ሳቁና «እንግዲያው ረመዳንንም አስገቢልና፤ እኛ ምን በደልን?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እሱ ጨረቃ ታይቶ ነው፤ ይህ ማሽን ደግሞ መስኮት እንኳ አያይም» ስላቸው «አልሐምዱሊላህ፣ እኛ የምናየው አለን» ብለው ወደ እሳታቸው ተመለሱ።

ፕሮግራሙን ከምሳ ሰዓቴ ያወጣችው የክበቡ ኃላፊ ናት። በዚያ ዓመት በየካቲት መጀመሪያ፣ በነነዌ ሰኞ፣ ከአስተዳደር የመጣው የምግብ ዝርዝር ሥጋ ወጥ ይላል። ሴትዮዋ ጾም መሆኑን ታውቃለች፤ ተናገረች፤ «ጭፍን እምነት በሥራ ቦታ አይገባም» አሏት። ሠራተኛው ወጡን እያየ ደረቅ እንጀራ ይዞ ወጣ፤ ድስቱ እንደሞላ ለውሻ ሆነ። እኔ ዘንድ መጥታ «አንቺ፣ እኔ ስናገር ጭፍን ነው፤ ይህ ሣጥን ሲናገር ግን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ይሰማዋል። የዓመቱን ጾም ያውጣልኝ» አለችኝ። አሳተምኩላት። በፈረንጅ ፊደል የታተመውን ጎን ጎኑን በአማርኛ በእጄ ጻፍኩበት። ክበቡ ግድግዳ ላይ፣ የምግብ ዝርዝሩ አጠገብ፣ በሚስማር ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ በጾም ሥጋ አልተደፋም፤ አስተዳደሩም «ማሽኑ ያወጣው ነው» ሲባል ዝም አለ።

ፋሲካ እንዳለፈ ማስታወቂያ ወጣ፦ ፋብሪካው አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራመር ይቀጥራል። ቦታውን ፈለግሁት። እንዴት እንደፈለግሁት ዛሬም ሳስበው ደረቴ ይሞቃል። ማሽኑ በምሳ ሰዓት በሌብነት ሳይሆን ቀኑን ሙሉ በመብቴ የእኔ እንዲሆን ነበር የምፈልገው። ቦታው ለሌላ ከተሰጠ ደግሞ ወደ ታይፕራይተሬ ተመልሼ፣ ሌላ ሰው በእሱ ላይ ሲቀመጥ እያየሁ መኖሬ ነው። ለመወዳደር የተመዘገብነው ሁለት ነን፤ እኔና ከሶሻሊስት አገር ተምሮ የተመለሰ አንድ ልጅ። ክፉ ሰው ቢሆንልኝ ለመጥላት ይመቸኝ ነበር፤ ጨዋ ልጅ ነበር።

በዚያው ሰሞን የፋብሪካው ካድሬ ክበቡ ውስጥ ሻይ ሊጠጣ ገብቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየ። ይህ ካድሬ የመዘዞ ሰው ነው፤ እንደኔው የባላገር ልጅ። ወረቀቱን ይቀድደዋል ብለው ሁሉም ሲጠብቁ፣ ከሚስማሩ ላይ ቀስ አድርጎ አነሣው፣ በአራት አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ይህን የነገረችኝ የክበቡ ኃላፊ «ቢቀድደው ይሻለኝ ነበር» አለች። እኔም እንደሷ ነበር ያሰብኩት።

ለቃለ መጠይቅ ሁለታችንንም አንድ ላይ ጠሩን፤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ። ሦስት ወንበር ነበር። በአንዱ ሥራ አስኪያጁ፣ በአንዱ ካድሬው ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛውን ለልጁ ጠቆሙት። ልጁ ወደ እኔ ዘወር ብሎ ሊነሣ ሲል ካድሬው «ተቀመጥ ጓድ» አለው። እኔ ቆምኩ። ቆሜ ነው የተጠየቅሁት።

ጥያቄውን ሥራ አስኪያጁ የፈጠረው አልነበረም፤ በር ላይ እየጮኸ ነበር። ደጁ ላይ የቦይለርና የጥበቃ ሠራተኞች ተሰብስበዋል። አልዩ አምባው አባት ድምፃቸው ከሁሉ በላይ ይሰማል፦ «ወላሂ፣ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ስቀልብ አድሬ ወረቀቱ ምንም አልሠራህም ይለኛል!» እውነታቸውን ነው። የሌሎቹ ፈረቃ በደንብ ይደመራል። እነሱ ግን ማታ አሥራ ሁለት ገብተው ጠዋት አሥራ ሁለት ነው የሚወጡት፤ ማሽኑም ከአሥራ ሁለት ላይ አሥራ ሁለት ሲያነሣ ዜሮ ይጽፍባቸዋል። ከፋብሪካው ሁሉ ረጅም ሰዓት የሚሠሩት ሰዎች፣ በወረቀቱ መሠረት፣ ጭራሽ አልመጡም።

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን እያሻሸ «ምን ታደርጋላችሁ?» አለን።

ልጁ ቀደመ። ችግሩ ከሰዓቱ እንጂ ከማሽኑ አይደለም አለ። ሠራተኞቹ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር፣ እንደ ፈረንጆቹ፣ መግቢያና መውጫቸውን ቢጽፉ ይፈታል፤ እሱ ራሱ ያስተምራቸዋል። ትክክል ነው። መልስ አይደለም ልለው አልችልም።

«አንቺስ?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

«ለእኒያ አባት ከልጅነታቸው ጀምሮ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ማሽኑ ትናንት መጣ» አልኩት። «ኋላ የመጣው ይማር። አንድ መስመር ነው። ሲቀናነስ ምንም ካልቀረ፣ የመጨረሻዋን አሥራ ሁለት አይጣላት፤ ይያዛት። ያልመጣ ሰው ሰዓቱ ባዶ ነው የሚተወው፤ ስለዚህ ከቀሪ ሰው ጋር አይምታታም።»

ልጁ ትንሽ አሰበና «ይሠራል» አለ። እንዳልኩት ጨዋ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ማሽኑ ያለበት ክፍል ይዞን ገባ፤ መስመሯን ጨመርኩ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት በእያንዳንዱ ሌሊት ላይ ተጻፈ። ውጭ ላሉት ሰዎች ሲነገራቸው ጩኸቱ በረደ። ቦታው የእኔ ነው አልኩ በልቤ። ወደ ቢሮው ስንመለስ ካድሬው በአራት የታጠፈውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ባሕረ ሐሳብ።»

«በመንግሥት ወረቀት፣ በመንግሥት መብራት፣ በመንግሥት ማሽን ጾም ታውጂያለሽ?»

«ጾሙን እኔ አላወጅኩትም፤ ቀኑን ነው የቆጠርኩት። ለውሻ የተደፋው ሥጋ ግን የመንግሥት ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ሳል ያዘው። ካድሬው አልሳቀም። «ማሽኑ የመጣው ለሳይንስ ነው» አለ፤ «አድኃሪ አስተሳሰብ እንዲታተምበት አይደለም።»

«አሁን የቦይለሩን ሰዓት ያቃናችው መስመር ከየት የመጣች ይመስልዎታል?» አልኩት። «ከዚሁ ወረቀት ናት። አሥራ ዘጠኝ የሚለውን አሥራ ሁለት አደረግሁት እንጂ ሌላ የነካሁት የለም። አድኃሪ ከሆነች ከሁለቱም ትውጣ፤ ሰዎቹም ወደ ዜሯቸው ይመለሱ። ደጅ ላይ ናቸው፤ እርስዎ ይንገሯቸው።»

ውጭ አልዩ አምባው አባት ሲስቁ ይሰማ ነበር።

ካድሬው ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ድምፁን አለዘበ፤ ያ ይባስ አስፈራኝ። ችሎታዬን ማንም እንደማይክድ ነገረኝ። ቦታው ሊሰጠኝ ይችላል። ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚቀረኝ፤ ፕሮግራሙን ማጥፋትና በዓርቡ ውይይት ላይ፣ ሠራተኛው በተሰበሰበበት፣ ግለ ሂስ ማድረግ። «ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። «ከኋላ ቀር ቤተሰብ የወረስኩት ነው፣ ተምሬበታለሁ ማለት ነው።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልሰውረው አልፈልግም። ቦታውን ስለፈለግሁት ቃሉ አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለት ደቂቃ ምን አላት? ሁሉም ያደርገዋል፤ ከዚያ ሻይ ይጠጣል። ነገር ግን «ኋላ ቀር ቤተሰብ» ያለው አባቴን ነው። በጣቱ አንጓ ላይ ዓለምን ከፍጥረቷ ጀምሮ የሚቆጥረውን፣ ለሴት ልጁ ብሎ ከደብር ጋር የተጣላውን ሰው። እሱን ሰድቤ የማገኘው ወንበር ይቆረቁረኛል።

«አላደርግም።»

«አስቢበት።»

«አሰብኩ።»

ፕሮግራሙን አጥፊ አሉኝ፤ አጠፋሁ። ማሽኑ የእነሱ ነው። ጭንቅላቴ ግን ንብረት ክፍል አልተመዘገበም። ዓርብ ዕለት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ካድሬው «ሐሳብ ያላት ጓድ ያለች ይመስለኛል» ብሎ ወደ እኔ አየ። ተነሣሁ። የክበቡ ኃላፊ አፏን በነጠላዋ ስትሸፍን ታየኝ። «ሐሳብ የለኝም» ብዬ ቁጭ አልኩ። ሰኞ ቦታው ለልጁ መሰጠቱ ተለጠፈ። መስመሯ ገባች፤ እኔ ደጅ ቀረሁ።

ቅዳሜ ወደ አንኮበር ወጣሁ። ጉም መንገዱን ውጦት አውቶቡሱ እየዳበሰ ነው ጎረቤላ ያደረሰን። አባቴ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እንደሚሞቅ ሰው ጉም እየሞቀ ተቀምጧል። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። የጠየቀኝ ግን ስለ ቦታው አልነበረም።

«መስመሯን ማን አስታወሳት? ማሽኑ ነው አንቺ?»

«እኔ ነኝ እንጂ፤ ማሽኑማ ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር።»

«ከዜሮ በታች!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። «ብዙ ተማሪ ነበረኝ፤ እንደሱ ያለ ደንቆሮ ግን አልገጠመኝም።» እንባዬ ሲመጣ አየና መሳቁን ተወ። «ምን ያስለቅስሻል? ምንም አልቀረም ሲባል እኮ ነው የመጨረሻዋን የምትይዢው» አለኝ። በዚያ ሰዓት ተረት አላማረኝም፤ የፈለግሁት ቦታዬን ነበር። ነገርኩትም። «እሱማ ነው» አለና ገብስ ቆሎ አቀረበልኝ።

ክረምት ገባ። ታይፕራይተሬ ላይ ተቀምጬ በግድግዳ ማዶ ልጁ ማሽኑን ሲያስነሣ እሰማለሁ። አንዳንዴ የሚከብደው ነገር ሲገጥመው ወደ እኔ ብቅ ይላል፤ እነግረዋለሁ፤ ያመሰግነኛል። ይህም ራሱ ያናድደኝ ነበር። አልዩ አምባው አባት ግን በመስኮቴ ሲያልፉ ሁሌም «ልጄ፣ ዛሬም አሥራ ሁለቴን አግኝቻለሁ፤ አላህ ይስጥሽ» ይሉኛል።

በነሐሴ አንድ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ብቻዬን ዳቦዬን እየበላሁ ካድሬው ገባ። በሩን ከኋላው ዘጋው። ስለ ዝናቡ አወራ፤ ስለ ምርት ዕቅዱ አወራ። ኋላ ወደ ነገሩ መጣ። መዘዞ ያሉት እናቱ እህቱን ሊድሩ ነው፤ በመጪው ዓመት በየካቲት አጋማሽ ይሁን ብሎ እሱ ፈቃድ ሊሞላ አስቧል፤ እናቱ ግን ሁዳዴ የሚገባበት ቀን ሳይታወቅ ቀን አይቆረጥም ብለዋል። የአዲሱ ዓመት መቁጠሪያ ገና አልወጣም። እሱ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ቄስ ሊጠይቅ አይችልም፤ በማግሥቱ ግለ ሂስ የሚያደርገው እሱ ራሱ ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን አላለም፤ እኔ ነኝ የጨረስኩለት።

«ፕሮግራሙ በትእዛዝዎ ጠፍቷል» አልኩት።

«አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። እሱ ስለ ዝናቡ ሲያወራ ጣቴ ከጠረጴዛው ሥር ቆጥሮ ጨርሶ ነበር። ሹክ ልለው እችላለሁ፤ ማንም አይሰማም፤ እሱም ውለታውን ይከፍለኝ ይሆናል። ግን አባቴን በአደባባይ ኋላ ቀር ብሎ፣ በተዘጋ በር ሥራውን ሊለምን መምጣቱ ደሜን አፈላው።

«ነገ በሻይ ሰዓት ክበብ ይምጡና ሰው ባለበት ይጠይቁኝ» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። ወጣ። አይመጣም አልኩ፤ ከሥራም ያባርረኛል አልኩ። ያን ዕለት ደብዳቤ ስመታ ጣቴ እየሳተ ወረቀት ሳበላሽ ዋልኩ። ፈርቼ ነበር፤ ብፈራም ያልኩትን አልመለስኩም።

በማግሥቱ መጣ። ክበቡ በሰው ሞልቷል። ልጁ ከእኔ ጋር ተቀምጧል፤ የክበቡ ኃላፊ ሻይ እየቀዳች ነው፤ የቦይለር ሰዎች በሩ ሥር ናቸው። ካድሬው ቀጥ ብሎ ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር አለ።

«አልሰማሁም» አልኩት።

አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ፣ ይህን ልመስክርለት፣ ጮክ ብሎ ጠየቀ፦ «የመጪው ዓመት ሁዳዴ መቼ ነው የሚገባው?»

ከበሩ ሥር «ሱብሐነላህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«በቃል ልንገርዎ ወይስ ይታተም?»

ካድሬው ግድግዳውን አየ። ሚስማሩ አሁንም እዚያው አለ፤ የክበቡ ኃላፊ አልነቀለችውም ነበር። «ይታተም» አለ።

ማሽኑ ያለበት ክፍል ስንገባ ልጁ ሳልጠይቀው ከወንበሩ ተነሣልኝ። በዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ቦታውንም ተክቼው ያዝኩ፤ ያኔ ግለ ሂስ የሚል ቃል ያነሣ አልነበረም። ያን ዕለት ግን ገና ታይፒስት ነበርኩ። ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው መስመር አንሥቼ በቃሌ ጻፍኩት። ካድሬው ከኋላዬ ቆሞ በትከሻዬ ላይ ያያል። አሥራ ዘጠኟ ላይ ስደርስ «ይህቺ ምንድን ናት?» አለኝ።

«የአባቴ ናት» አልኩት።

ማተሚያው እየተንጫጫ ወረቀቱን አወጣ፦ ሁዳዴ፣ የካቲት ሰባት። እሱ ካሰበው የሠርግ ቀን በፊት ነው፤ እናቱ ልክ ነበሩ። እጁን ዘረጋ። «ይህ የክበቡ ነው፤ ሚስማሩ ላይ ሲሰቀል ከዚያ ይገለብጡታል» አልኩና የነነዌውን፣ የፋሲካውን፣ የፍልሰታውን ቀን ጎን ጎኑን በአማርኛ በእጄ መጻፍ ጀመርኩ። አልቸኮልኩም። ካድሬው እስክጨርስ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ግድግዳው ሥር ባዶ ወንበር ነበር፤ አላቀረብኩለትም።